አሮጌዋን ቮልስ በቤት ማደስ፦ ከቀለም በፊት ሰነድ፣ ከውበት በፊት ደኅንነት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ድረስ ከሚታዩት የቀድሞ ዘመን ተሽከርካሪዎች መካከል በተለምዶ ቮልስ እየተባለች የምትጠራው የጀርመን ሥሪቷ ቮልስዋገን ቢትል አንዷ ናት። በፌርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈችው ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች።

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ መጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። በዚህም ሳቢያ በግቢያቸው ጥግ ያቆሟትን አሮጌ መኪና እንደገና ለመንገድ ለማብቃት የሚያስቡ የመንግሥት ሠራተኞች ቢኖሩ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ እድሳቱ በቅደም ተከተል ካልተመራ ገንዘብ ባክኖ መኪናዋም ተበታትና ልትቀር ትችላለች።

የመጀመሪያው ሥራ ከመፍቻ ይልቅ ብዕርን የሚጠይቅ ነው። ባለንብረቱ በሊብሬው ላይ የሠፈሩትን የሻሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናዋ ላይ ከተቀረጹት ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። የቮልስ የሻሲ ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር በወለሉ መካከለኛ ዘንግ ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ በታች ይገኛል። በያጅ የዛገ ወለል ሲቆርጥ ወይም ሲሞርድ ይህ ቁጥር ቢጠፋ የመኪናዋን ማንነት ማረጋገጥ አዳጋች ይሆናል። ሞተር የሚለወጥ ከሆነም አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ማነጋገር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ዝገቱ ይመረመራል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ ከእርሱ የሚፈስ አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ከበሮቹ ሥር የሚያልፉት የማሞቂያ አየር መተላለፊያዎችም ቦዲውን ተሸክመው የሚይዙ በመሆናቸው ከዛጉ የመኪናዋ ጥንካሬ ይጓደላል። ይህን ጉዳት በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት አደጋውን ከመሸፈን አያልፍም፤ የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ መተካት ይኖርበታል።

የባለንብረቱና የባለሙያው ድርሻ በግልጽ ሊለይ ይገባል። ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የታሠሩ ስለሆኑ ባለንብረቱ ራሱ ሊፈታቸው ይችላል። ከመፍታቱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ብሎኖችን በየከረጢቱ ለይቶ ስማቸውን መጻፍ፣ ማጽዳትና ማከማቸት ትዕግሥትን እንጂ ልዩ ሙያን አይጠይቅም። ብየዳ፣ የሞተር ውስጣዊ ክፍሎች፣ ፍሬንና መሪ ግን ለሠለጠነ ባለሙያ መተው አለባቸው። ከእያንዳንዱ ባለሙያ ጋር የሥራው ዓይነት፣ ዋጋው፣ የሚጠናቀቅበት ጊዜና መለዋወጫውን የሚያቀርበው ወገን በጽሑፍ ቢሰፍር ኋላ ከሚነሣ ውዝግብ ያድናል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲፈለግ የአሮጌውን ዕቃ ናሙና ይዞ መሄድ ይመረጣል። ቀደምቶቹ ቮልሶች በ6 ቮልት፣ የኋለኞቹ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ግዥ ስህተት እንዳይፈጠር ጥንቃቄ ያሻል።

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎች አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩ በመሆናቸው ሲገጠም አላስፈላጊ ናቸው ተብለው ከተተዉ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ዲናሞውንና ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያውኑ ቆሞ ቺንጋውን ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የእሳት አደጋ ነው። ለዓመታት የቆመች መኪና የነዳጅ ጎማዎቿ ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉም። ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ሲፈስ የሚነሣው እሳት በአብዛኛው ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራውን የሞተር አካል ከያዘ በቀላሉ አይጠፋም፤ ውኃም ያባብሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የነዳጅ ጎማዎቹ በሙሉ ተለውጠው በማጥበቂያ መታሠር አለባቸው። የመቀመጫው የብረት ምንጮች የባትሪውን ጫፍ ነክተው እሳት እንዳያስነሡም ባትሪው በመከላከያ ሊሸፈን ይገባል።

በመሆኑም የእድሳቱ ቅደም ተከተል ሰነድ፣ ዝገት፣ ፍሬንና መሪ፣ ነዳጅና ኤሌክትሪክ፣ ሞተር፣ በመጨረሻም ቀለምና የመቀመጫ ልብስ መሆን ይኖርበታል። ብዙዎች ከቀለም ይጀምሩና በያጁ ሲመጣ የተቀባው ተቃጥሎ ሁለተኛ ወጪ ይገጥማቸዋል። በአንጻሩ በዚህ ሥርዓት የታደሰች ቮልስ ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ስትቀርብ ባለንብረቷ የሚሠጋበት ምክንያት አነስተኛ ይሆናል፤ በውስጧ የሚሳፈሩት ቤተሰቦቹም ደኅንነታቸው የተጠበቀ ይሆናል።