ዘሩን ከነታሪኩ

ለዘር የሚሆን ባቄላ በኅዳር አውድማ ላይ አይመረጥም። የሚመረጠው በመስከረምና በጥቅምት፣ ማሳው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ጊዜ የሚመለስልኝ ፈገግታ ነው። በዚያ ሰሞን ባቄላ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚያስበው ስለ እሸት እንጂ ስለ ዘር አይደለማ! ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይቀጥፋሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀጠፋል፣ መንገደኛውም እጁን ይሰዳል። ባቄላ የሚያፈራው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበላው ከሥር ያለው፣ ቀድሞ የደረሰውና የሞላው ነው። የሚተርፈው ዘግይቶ ያፈራው ነው። እሱ ደርቆ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ለከርሞም ዘር ይሆናል።

ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ሳናስበው የምንመርጠው ዘግይቶ የሚደርሰውን ነው። ከዚያ በኋላ «ዘራችን አርጅቷል፣ ውርጩ ሳይመጣ አልደርስ አለ» የሚል አቤቱታ ይመጣል። ዘሩ አላረጀም፤ ቀዳሚውን በልተን ኋለኛውን ስለዘራን ነው።

ደብረ ብርሃን አካባቢ የማውቃቸው አንዲት እናት ለዚህ መድኃኒቱን ከማንም ሳይማሩ አግኝተውታል። በጓሯቸው ካለው ባቄላ ቀድሞ ያበበውን፣ ከሥሩ ብዙ ሆኖ የወጣውንና ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የሌለበትን እየለዩ ቀይ ክር ያስሩበታል። «በቁመቱ አትታለል ልጄ» አሉኝ፤ «ረጅሙ ነፋስ ይጥለዋል። እኔ የማየው ወገቡን ነው።» ጎንበስ ብለው ከሥር ያለውን ፍሬ በጣታቸው ይዳብሱና በስንት ፍሬ እንደሞላ ሳይከፍቱ ይናገራሉ። ክር የታሰረበትን የቀጠፈ ልጅ ራት እንደማያገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደግሞም ክሩን የሚያስሩት አንድ ሁለት እግር ላይ ብቻ አይደለም፤ ከዚህም ከዚያም፣ ከጓሮው ዳር እስከ ዳር ነው። ትክክል ናቸው። ባቄላ ከጥቂት እግር ብቻ ዘር ሲወሰድለት እየደከመ ይሄዳል።

ልውውጡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኔ በምሠራባቸው ቀበሌዎች ዘር የጠየቀን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው። ጠያቂውም ባዶ ስልቻ ይዞ አይመጣም፤ የራሱን እህል ሰፍሮ ያመጣል፣ ቁና በቁና። ሕጉም ቢሆን እዚህ ላይ አያስቸግርም። በ2005 ዓ.ም. የዘር አዋጅ ቁጥር 782 ሲወጣ፣ አነስተኛ ገበሬዎች ከማሳቸው ያስቀሩትን ዘር ቢለዋወጡ ወይም ቢሸጡ አዋጁ እንደማይመለከታቸው በግልጽ ተጽፎበት ነበር። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ዘሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ታሪኩ እዚያው ይቀራል። መቼ ተዘራ? መረሬ (ጥቁር አፈር) ላይ ነው ወይስ ቀይ አፈር ላይ? አጠገቡ ምን ነበር? ነቀዝ ነክቶታል ወይ? ተቀባዩ የሚያየው የፍሬውን ትልቅነትና ወዙን ብቻ ነው።

ትልቅነት ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ገበልቾን የመሰሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ፍሬያቸው ጎላ ያለ ስለሆነ ገበያ ላይ ዓይን ይስባሉ፤ እኔም ለሚስማማቸው መሬት እመክራቸዋለሁ። ውኃ በሚተኛበት መረሬ ላይ ግን ለዚያው ተብሎ የወጣው ዋልኪ የሚባለው ዝርያ ይሻላል። ደቃቁ የአገር ባቄላም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ለአንድ ጥማድ የሚፈጀው ዘር ያንሳል፤ ለሽሮና ለቆሎ እሱን የሚመርጡ ቤቶችም አሉ። ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ነው እንጂ አንዱን በሌላው መተካት ኪሳራ ነው።

ለየብቻ መያዙ ላይ አተርና ባቄላ ይለያያሉ። አተር አበባው ሳይፈካ በራሱ ዱቄት ስለሚያፈራ፣ ሁለት ዓይነት አተር ጎን ለጎን ብትዘሩ እንኳ መደባለቁ እጅግ ጥቂት ነው። ሜንዴል በ1866 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን ጥናት በአተር ላይ የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ባቄላን ግን ንብ ትወደዋለች። ከአንድ ማሳ ባቄላ ሲሶ ያህሉ ከሌላ እግር በመጣ የአበባ ዱቄት የተፀነሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ክልስነት ደግሞ በዚያው ዓመት አይታይም። የፍሬው ቅርፊት የእናቲቱ አካል ነው፤ ልጅ በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ እንደሚታይ ሁሉ ጥቁሩ ባቄላ ከነጩ ቢዳቀልም በዚያ ዓመት ከጥቁሩ የሚታጨደው ፍሬ ጥቁር ነው። ጉዱ የሚወጣው ያ ፍሬ ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። ያኔ «ያቺ ጎረቤቴ የተደባለቀ ዘር ሰጠችኝ» ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ባቄላ ስትሰጡ አጠገቡ ምን ተዘርቶ እንደነበር ተናገሩ። ንጹሕ ዘር ከፈለጋችሁ ከማሳው መሐል እንጂ ከዳርቻው አትውሰዱ።

አሁን ስለ ነቀዝ። የአተር ነቀዝ እንደ ሌሎቹ በጎተራ ውስጥ የሚራባ አይደለም፤ እንቁላሉን የሚጥለው ማሳ ላይ፣ በለጋው እሸት ላይ ነው። ትሉ ሽፋኑን በስቶ ፍሬው ውስጥ ይገባል፣ አንድ አተር ውስጥ አንድ። መግቢያው ቅንጣት የምታክል ጥቁር ነጥብ ናት፤ ካላወቃችኋት እድፍ ትመስላችኋለች። አተሩ ሲደርቅ በአንድ ጎኑ ክብ፣ ሳሳ ያለ፣ ጠቆር ያለ መስኮት ይታያል። ነቀዙ ከዚያ ጀርባ ቁጭ ብሏል። መስኮቱን ገፍቶ ሳይወጣ ለሰው የተሰጠ አተር ከነነቀዙ ነው አዲስ ቀበሌ የሚገባው። አንድ እፍኝ አተር መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ፊት አገላብጡ። መስኮት ያለው ከበዛ ያን አተር ክኩት እንጂ አትስጡት። የሚሰጠውንም በደንብ አድርቁ፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ማለት አለበት። ከዚያ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ወይም አፉ ጥብቅ ባለ ጀሪካን እስከ ክረምት ይቆይ። አየር ሲያጣ ውስጥ ያለው ነቀዝ ያልቃል። ጎተራ ውስጥ ለሚራባው የቦሎቄ ነቀዝ ደግሞ ቦሎቄውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥም የቆየ ዘዴ ነው፤ ጤፉ ክፍተቱን ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል።

ቆርምድን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። ከ2000ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ወዲህ በሰሜን ሸዋና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ባቄላውን የፈጀው ይህ በሽታ ቅጠልና ግንድ ላይ እብጠት የሚያወጣ ሲሆን በአፈርና በገለባ ውስጥ ይቆያል። ቆርምድ ከታየበት ማሳ ዘርም ገለባም ለሌላ አትስጡ። የምትጠይቁም ሰዎች ማሳውን በነሐሴ ሳታዩ በጥር አትቀበሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሰው ዘሩን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ ማስፈራሪያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። አንድ ቤት ብቻ ያለ ዘር የጠፋ ያህል ነው። በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚበቅለው ደቆቆ፣ በአማርኛ የአገር አተር የሚባለው፣ እስካሁን የዘለቀው ገበሬው ለሽሮው ሲል ከዘመድ ዘመድ እያቀባበለ ስላቆየው ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ብዙ ሺህ ናሙና በቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጧል። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር በገበሬው እጅም መኖር አለበት ብለው ተከራከሩ፤ በዚህ ሥራቸው በ1989 (እ.ኤ.አ.) አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የአንድ ገበሬ እጅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በ1977ቱ (ዓ.ም.) ድርቅ ቤተሰብ ዘሩን የበላው ወዶ አልነበረም። በምሥራቅ ሸዋ እጀሬና ጨፌ ዶንሳ ያሉት የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች ከዶክተር መላኩ አስተሳሰብ የተወለዱ ናቸው፤ ገበሬው ዘር ይበደራል፣ ሲያመርት ጨምሮ ይመልሳል።

ባንክ የሌለበት ቀበሌም ይህን ማድረግ ይችላል፣ መጋዘንም አያስፈልገውም። ክር ከታሰረበት ባቄላችሁ ወይም ከንጹሑ አተራችሁ አንድ ጣሳ ለዩ። ከደብተር ላይ በተቀደደች ወረቀት ስማችሁን፣ ጎጡን፣ የዘራችሁበትን ወር፣ የአፈሩን ዓይነት፣ አጠገቡ የነበረውን፣ ያያችሁትን በሽታና ዘሩ ከማን እንደመጣላችሁ ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ፤ መጻፍ የማትችሉ ልጅ አስጽፉ። ሃያ ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ ለሳምንት ያህል ካያችሁት በኋላ ስንቱ እንደበቀለም ጨምሩበት። ከዚያ ለቅርብ ጎረቤት ሳይሆን ማዶ ላለ ዘመድ ስጡት፤ አንድ በረዶ በአንድ ቀን ሁለታችሁንም ለማያገኛችሁ ሰው። ሰኔ ሳይገባ ይሁን።