የንግድ ምልክት ፈቃድ ፍራንቻይዝ የሚሆነው መቼ ነው?



የዛሬው ጥያቄያችን ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ነጋዴዎች ስምምነታቸውን «የፈቃድ ውል» ብለው ቢሰይሙና «ይህ ውል ፍራንቻይዝ አይደለም» የሚል አንቀጽ ቢያክሉበት፣ ነገሩ በዚያ ያበቃልን? በአሜሪካ ሕግ አያበቃም። ሕጉ የሚመረምረው የግንኙነቱን ይዘት እንጂ ስያሜውን አይደለም።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውና በ2007 ያሻሻለው ደንብ ሦስት መለኪያዎችን ያስቀምጣል። አንደኛው፣ ፈቃድ ተቀባዩ በሰጪው የንግድ ምልክት የመነገድ መብት ማግኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሰጪው በተቀባዩ አሠራር ላይ ጉልህ ቁጥጥር ማድረጉ ወይም ጉልህ እገዛ መስጠቱ ነው። ሦስተኛው፣ ተቀባዩ ሥራውን ለማግኘት ወይም ለመጀመር ለሰጪው የግድ የሚከፍለው ገንዘብ መኖሩ ነው። ሦስቱ ከተሟሉ፣ ነጻ የሚያደርግ ልዩ ሁኔታ ከሌለ በቀር፣ ሰጪው 23 ርዕሶችን የያዘ የመረጃ ሰነድ ውሉ ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመከፈሉ ቢያንስ 14 ቀናት አስቀድሞ ማስረከብ አለበት። አንዳንድ ግዛቶች ደግሞ የራሳቸውን ትርጓሜ አውጥተው፣ ያለ በቂ ምክንያት ውል ማቋረጥን ይከለክላሉ።

በፈቃድ ውል ውስጥ የመጀመሪያው መለኪያ እምብዛም አያከራክርም። ሁለተኛው ግን ሰጪውን በሁለት ሕጎች መካከል ያስገባዋል። የንግድ ምልክት ሕግ፣ በምልክቱ የሚሸጠውን ዕቃ ጥራት እንዲቆጣጠር ያስገድደዋል፤ ቸል ካለ ምልክቱን እስከ ማጣት ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥጥርን ፈጽሞ መተው አይችልም። ልዩነቱ ያለው በቁጥጥሩ ዓይነት ላይ ነው። የዕቃውን ጥራት መፈተሽ አንድ ነገር ነው፤ የሱቁን ቦታ መምረጥ፣ የሥራ ሰዓቱን መወሰን፣ ሠራተኞቹን ማሠልጠንና የሒሳብ አያያዙን መደንገግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የነጋዴውን ሥራ ራሱን መምራት ነው።

ብዙ ሰጪዎች ከዚህ ለማምለጥ ክፍያውን ይሰርዛሉ። ይሁንና ክፍያ የመግቢያ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የግዴታ ሥልጠና ወይም መሣሪያም በዋጋው ሊታሰብ ይችላል። በተለምዶ ውጭ የሚሆነው፣ ተቀባዩ መልሶ ለመሸጥ በእውነተኛ የጅምላ ዋጋና በተመጣጣኝ መጠን የሚገዛው ሸቀጥ ነው።

በቱ-አም ኢኩዊፕመንትና በሚትሱቢሺ ካተርፒላር ፎርክሊፍት አሜሪካ መካከል የነበረው ክርክር ይህን ያሳያል። ቱ-አም በኢሊኖይ ግዛት የፎርክሊፍት አከፋፋይ ነበር። ውሉ ያለ ምክንያት ማቋረጥን ይፈቅድ ስለነበር አምራቹ አቋረጠው። ሆኖም አከፋፋዩ የጥገና መመሪያ መጻሕፍትን የመግዛት ግዴታ ነበረበት፤ ለእነዚህም በዓመታት ውስጥ ከ1,600 ዶላር በላይ ከፍሏል። በግዛቱ ሕግ ክፍያው ፍራንቻይዝ ለማሰኘት 500 ዶላር መድረሱ በቂ ነው። የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ግንኙነቱ ፍራንቻይዝ ነው በማለት፣ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) የፈረደውን 1.525 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አጸና።

በጥቂት መጻሕፍት ዋጋ የውሉ ባሕርይ ተለወጠ፤ ተዋዋዮቹ የተስማሙበት የማቋረጥ መብትም ከሕጉ ፊት ሊቆም አልቻለም። ይህ ለሰጪው ወገን ጭካኔ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው፣ በሌላው ስም ነግዶ፣ በሌላው ትእዛዝ ሠርቶና ገንዘቡን አስቀድሞ አፍስሶ በአንድ ደብዳቤ ከገበያ ሊወጣ የሚችለውን ሰው ነው። ስለዚህ ውል ስትመረምሩ ርዕሱን ካነበባችሁ በኋላ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ፦ ንግዱ በማን ስም ይካሄዳል? ሥራውን ማን ይመራዋል? ለሰጪው የግድ የሚከፈል ገንዘብስ በየትኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል?