ለመንገዱ የምትበቃ መኪና

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ አገር የሚወስደው ጎዳና በመኪና ይሞላል። ወልቂጤን አልፈው ወደ ቸሃ፥ ወደ እምድብር ከሚዘልቁት መካከል አዲሱንና ፈጣኑን ዓይን ሁሉ ይከተለዋል፤ አሮጌዋ ቮልስዋገን ግን ቀኝዋን ይዛ ትጓዛለች። እኛ የምናመሰግነው ይህችኑ ነው።

ስለ ምን ቢሉ፥ ከኋላ የተተከለው ሞተርዋ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም፤ በዳገት ላይ ውኃ ፈላብኝ ብላ ባለቤትዋን አታቆምም። ባለ 1200 ሲሲዋ በሰዓት ከ115 ኪሎ ሜትር ብዙም አታልፍም፤ ነገር ግን እስከ ወልቂጤ ላለው 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከዚህ የበለጠ ፍጥነት ምን ይረባል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። ፋብሪካው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ የመጨረሻዋን እስኪያወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ አሠራርዋም ቀላል በመሆኑ ብዙ መካኒክ ያውቃታል።

ዋናው ነገር ግን የቤት ጉዳይ ነው። ሰው በአገሩ ልጆች ፊት ለመታየት ተበድሮ መኪና ቢገዛ፥ በዓሉ ያልፋል፤ ዕዳው ግን ከልጆቹ የትምህርት ወጪና ከወላጆቹ መጦሪያ ላይ ይነሣል። በደጃፍ ቆማ የምትጠብቅ እናት የምትናፍቀው ልጅዋን እንጂ የመኪናውን ዓይነት አይደለም።

ይሁን እንጂ አሮጌ መኪና የያዘ ሁሉ ቸል አይበል። የዛሬዎቹ መኪናዎች ያላቸው የአደጋ መከላከያ ለእርስዋ አልተሠራላትምና፥ ከጉዞ በፊት ፍሬንዋን፥ ጎማዋንና መብራትዋን ያስመርምር፤ የደኅንነት ቀበቶ ከሌላትም ያስገጥምላት።