የእንጦጦን ቁልቁለት በምን እንለካው?

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ማለዳ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኞችን ያያል። አንዱ ለልምምድ ሽቅብ የሚሮጥ አትሌት ነው። ሌላዋ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁል የምትወርድ ሴት ናት። ከሁለቱ ይበልጥ የሚለፋው ማን ነው?

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመለሰው በአብዛኛው በቤተ ሙከራ ነው። ተጠኚው በመሮጫ ማሽን ላይ ይራመዳል፤ በፊቱ ላይ የተገጠመው ጭንብል የሚፈጀውን ኦክስጅን ይለካል። በማሽኑ ላይ ግን ጭቃም፣ የሚያንሸራትት ቅጠልም የለም። መለኪያውን ከሰውየው ጋር ወደ ሜዳ ለማውጣት የተደረገው ጥረት የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጫማ ሶል ውስጥ አየር የያዘ ክፍል አበጅቶ፣ የእግርን ግፊት ሯጩ በእጁ በያዘው መመዝገቢያ ላይ በቱቦ አማካይነት እንዲጻፍ አድርጎ ነበር።

ዛሬ ይህን ተግባር የሚያከናውነው በስልካችን ውስጥ የሚገኘው አክሰለሮሜትር ነው። በውስጡ በቀጫጭን የሲሊከን ክሮች የተያዘች እጅግ አነስተኛ አካል አለች። ስልኩ ሲፋጠን እርሷ ጥቂት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ይህም መዘግየት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል። ከምልክቱ መዋዠቅ እርምጃ ይቆጠራል፣ የወጣው ጉልበትም ይገመታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት ኃይል የመጠነ ቁስና የፍጥንጥነት ብዜት ነው። መሣሪያው የሚያነበው ፍጥንጥነትን ብቻ ነው። ሴትዮዋ 30 ኪሎ ግራም ትሸከም ወይም ባዶ እጇን ትሂድ አያውቅም። እንዲያውም ሸክም የያዘ ሰው እንዳይወድቅ በዝግታና በጥንቃቄ ስለሚረግጥ የምልክቱ መዋዠቅ ያንሳል፤ መሣሪያውም «ቀላል እንቅስቃሴ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል!

በቁጥር እንመልከተው። የሴትዮዋ መጠነ ቁስ 50 ኪሎ ግራም፣ የከፍታው ልዩነት 400 ሜትር ነው እንበል። ባዶዋን ስትወጣ በስበት ላይ የምትሠራው ሥራ 50 × 9.8 × 400 = 196 ኪሎ ጁል ነው። ጡንቻ ከሚፈጀው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ ሰውነቷ ወደ 784 ኪሎ ጁል ያወጣል። ስትመለስ ከሸክሟ ጋር 80 ኪሎ ግራም ናት። በመሆኑም የጭኗ ጡንቻዎች 314 ኪሎ ጁል ገደማ እየገቱ ወደ ሙቀት መለወጥ አለባቸው። ጡንቻ እየተለጠጠ ሲገታ የሚፈጀው ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ ክሮቹን ግን ይጎዳል። ስለዚህ ጭንብሉም ቢሆን ሙሉውን እውነት አይነግረንም።

በ1986 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የኬንያ ሴቶች ከክብደታቸው 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ተሸክመው ሲራመዱ ተጨማሪ ኃይል እንደማይፈጁ አመልክቶ ነበር። አፍሪካዊት ሴት ሸክም አይከብዳትም የሚል ድምዳሜ ከዚህ የሚያወጣ ካለ ተሳስቷል። በምሳሌያችን ያለው ሸክም 60 በመቶ ነው፤ መንገዱም ለጥ ያለ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የከፍታው ጉዳይ መፍትሔ አለው። በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ አንድ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት 9 ፓስካል ያህል ይቀንሳል፤ በብዙ ስልኮች ውስጥ ያለው ባሮሜትር ይህን ለማንበብ አያዳግተውም። የሸክሙን ክብደት ለማወቅ ደግሞ ተራ የእጅ ሚዛን ይበቃል።

ጂ.ፒ.ኤስ.ን በተመለከተ ግን ቆም ማለት እንመርጣለን። ከደን ጥበቃ ሠራተኛ ዓይን ለመራቅ አቋራጭ የምትመርጥ ሴት የሄደችበትን መስመር መመዝገብ በእርሷ ላይ ማስረጃ ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል። ባሮሜትሩ ምን ያህል እንደወረደች ይነግረናል፤ በየት እንደወረደች አይነግረንም። ለስሌታችን የሚያስፈልገን የመጀመሪያው ብቻ ነው።