ቀጨኔን በእግር መለካት

በጂኦግራፊ ከተመረቅሁ በኋላ ለሥራ ልምምድ የተመደብኩት ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ቀጨኔ ወንዝ ላይ ነው። ሥራዬ ወደ ወንዙ የሚገቡ ፍሳሾችን ካርታ ላይ ማስፈር ነው። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል፤ ግን የምስሉ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ትሸፍናለች። ቀጨኔ በብዙ ቦታ ከዚያ ይጠባል፤ ከአጥር ሥር የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚለቅ ቱቦማ ከሰማይ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ቦቲ አጥልቄ፣ ጂፒኤስ ይዤ እወርዳለሁ። የቱቦውን ስፋት፣ የፍሳሹን ቀለምና ሽታ እመዘግባለሁ፤ ማታ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ አሰፍረዋለሁ።

አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ክረምት ላይ ብትመጪ ነበር የምታዪው» ብለው ጎርፉ ግድግዳቸው ላይ የተወውን የጭቃ መስመር አሳዩኝ። ከፍታውን በሜትር ለካሁት። እንዲህ ያለውን ምልክት ከየትኛውም የጎርፍ ሞዴል አስበልጬ አምነዋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነው። ዳርቻው ሲያምር ደስ ይለኛል፤ ቱቦዎቹን ማስተካከል ግን መቅደም አለበት። የቀጨኔ ውሃ የባንተይቀጡን ወንዝ ተቀላቅሎ፣ በትልቁ አቃቂ ወንዝ አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። መንገዱ ላይ፣ አቃቂ አካባቢ፣ እኛው የምንበላው ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል።