የንግድ መረብና የዕውቀት አደራ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ባለጉዳይ የቆየ ፋይል ፈልጎ ይመጣል እንበል። ጸሐፊዋ መዝገቡን ታገላብጣለች፤ ቁጥሩ አለ፤ ፋይሉ ግን በቁጥሩ ቦታ የለም። በመጨረሻም «ይህን የሚያውቁት መዝገብ ቤት የነበሩት አዛውንት ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ዐምና ጡረታ ወጥተዋል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ባለጉዳዩ አዝኖ ይመለሳል። አዛውንቱ ጡረታ በወጡ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ቁልፋቸውን፥ ማኅተማቸውንና ወንበራቸውን በደንብ ተረክቧል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአእምሯቸው ያከማቹትን ዕውቀት ግን የተረከባቸው ሰው አልነበረም።

በዛሬው ንግግራችን የምንመረምረው ይኸንኑ ጉዳይ ነው። ይኸውም አገልግሎት እንዴት ተነድፎ ሊታይ እንደሚችል፥ ዕውቀትስ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እንዴት ሊጠበቅ እንደሚገባው ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ብዙ ሰዎች እንደ ድር ተያይዘው ከሚሠሩበት ንግድ፥ በተለይም ከቸሃ አገር ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ መርካቶ ከሚደርሰው የጉራጌ ነጋዴዎች መረብ ነው።

የንግድ መረብ ስንል በአንድ ጣራ ሥር፥ በአንድ አለቃ የሚታዘዙ ሠራተኞችን ማለታችን አይደለም። እያንዳንዱ በገዛ ሥራው አዛዥ ሲሆን፥ ያለ ሌላው ግን ሥራው ከግቡ የማይደርስለት የብዙ ሰዎች ትስስር ማለታችን ነው። በእምድብር አቅራቢያ ባለ መንደር አባወራው እንሰት ይተክላል፤ እማወራይቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ትፍቃለች፥ ቆጮውንም ታዘጋጃለች። የገበያው ነጋዴ ይገዛታል። የመኪናው ባለቤት ጭኖ ከወልቂጤ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 155 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጓዛል። በመርካቶ ጅምላ ሻጩ ይቀበለዋል፤ ከእርሱም ክትፎ ቤቱ ይገዛል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አንዱ የሌላው ቅጥረኛ አይደለም። ሁሉንም የሚያዝ ሥራ አስኪያጅም የላቸውም። አንድ አድርጎ የያዛቸው እምነትና ዕውቀት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ኅብረት አይተው ነው።

በዚህ ድር ውስጥ ያለው ዕውቀት ቀላል አይደለም። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመታት የሚፈልግ፥ በዕድገቱም ጊዜ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ማሳ እየተነቀለ የሚተከል ተክል ነው። በደረሰም ጊዜ ግንዱ ተፍቆ፥ ሥሩ ተከትክቶ፥ በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ እንዲብላላ ይደረጋል። ከሚጠለለው ፈሳሽ ቡላ፥ ከፍቅፋቂውም ቃጫ ይገኛል። ዊልያም ሻክ የተባሉት አሜሪካዊ የሕዝቦች አኗኗር ተመራማሪ በቸሃ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብለው የሰየሙት፥ ኑሮው ሁሉ ከዚህ ተክል ጋር የተሳሰረ መሆኑን ተመልክተው ነው። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ በስንተኛው ቀን መከፈት እንዳለበት፥ ሽታው ምን ሲመስል ቆጮው እንደ በሰለ እማወራይቱን ብንጠይቃት፥ «እጄ ያውቀዋል» ከማለት በቀር በቃል አሟልታ ለመግለጽ ሊያስቸግራት ይችላል። ይህም የእርሷ ጉድለት አይደለም።

በዚያው በ1966 ትውልዳቸው ከሀንጋሪ የሆነው ሊቅ ማይክል ፖላኒ ስለዚህ ዐይነቱ ዕውቀት አንድ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። በእርሳቸው አስተያየት ሰው የሚያውቀው ነገር በቃል ሊናገረው ከሚችለው ይበልጣል። ስለዚህ ዕውቀት በሁለት ይከፈላል ማለት ነው፤ አንደኛው በጽሑፍና በቁጥር ሊገለጽ የሚችል ሲሆን፥ ሁለተኛው በእጅ፥ በዐይንና በልማድ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ነው።

የተሰወረው ወደ ግልጹ እንዴት ሊሸጋገር እንደሚችል የጃፓኑ ሊቅ ኢኩጂሮ ኖናካ በ1991 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ታሪክ ይነግሩናል። ማትሱሺታ የተባለው ኩባንያ ቤት ውስጥ ዳቦ የሚጋግር መሣሪያ ለመሥራት ተነሥቶ፥ መሐንዲሶቹ ምንም ያህል ቢደክሙ ዳቦው ከውጭ ያርር ከውስጥ ጥሬ ይሆን ነበር። በመጨረሻ አንዲት የኩባንያው ባለሙያ በኦሳካ ከተማ ዳቦው ወደ ተመሰገነለት ሆቴል ሄደው ከዋናው ጋጋሪ እግር ሥር ተለማማጅ ሆኑ። ብዙ ከተመለከቱም በኋላ ጋጋሪው ሊጡን በልዩ አኳኋን እየሳቡ እንደሚያቦኩት አስተዋሉ። መሐንዲሶቹ ይህን እንቅስቃሴ በመሣሪያው ውስጥ እንዲገኝ አድርገው፥ በ1987 ለገበያ አቀረቡት። ልብ በሉ፤ ጋጋሪው መጽሐፍ አልጻፉም፤ ተማሪዋ ዝቅ ብለው በእጃቸው ተማሩ፥ ከዚያም በኋላ ለሌላው በሚገባ ቋንቋ ገለጹት።

የቸሃም ልጅ በአዲስ አበባ ንግድን የተማረው በዚህ መንገድ ነው። መርካቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ የተቋቋመው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፥ ከነፃነት በኋላ የጉራጌ ነጋዴዎች በዚያ እየበዙ ሄደዋል። ከአገሩ የመጣ ወጣት በዘመዱ ቤት ያርፋል፤ ጫማ ይጠርጋል ወይም ጥቃቅን ዕቃ ያዞራል፤ ቀጥሎም በዘመዱ ሱቅ ተቀምጦ ዕቃ ማቀበልን፥ ዋጋ መቍረጥን፥ ዱቤ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ሰው መለየትን ይማራል። የትምህርት ቤቱ ስም ሱቅ፥ የመምህሩ ስም «ጋሼ» ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በዕቁብ ገንዘብ የራሱን ሱቅ ሲከፍት፥ እርሱም በተራው ከአገር የመጣውን ታናሽ ዘመዱን ያስጠጋል።

እንግዲህ ስለ አገልግሎት ንድፍ እንነጋገር። ሊን ሾስታክ የተባሉት አሜሪካዊት የባንክ ባለሙያ አገልግሎትም እንደ ሕንጻ በወረቀት ላይ ሊነደፍ እንደሚችል ለማስረዳት በ1984 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ የመረጡት ምሳሌ የጫማ ጠራጊ ሥራ ነበር። ሊስትሮ ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ ነገሩን በቀላሉ እንረዳዋለን። ሥራው በተከታታይ ደረጃዎች ተከፍሎ ይሣላል፤ ጫማውን መቦረሽ፥ ቀለም መቀባት፥ መወልወል፥ ዋጋ መቀበል። ለያንዳንዱም ደረጃ ስንት ሰኮንድ እንደሚበቃው ይጻፋል። ከዚያም አንድ መሥመር ይሰመራል፤ ከመሥመሩ በላይ ደንበኛው የሚያየው ሥራ፥ ከመሥመሩ በታች ደግሞ ቀለምና ብሩሽ መርጦ መግዛትን የመሰለው ደንበኛው የማያየው ዝግጅት ይቀመጣል። በመጨረሻም ጥፋት ሊደርስበት የሚችለው ስፍራ ምልክት ይደረግበታል፤ ለምሳሌ ለቡኒ ጫማ ጥቍር ቀለም መቀባት። ጥፋቱም በደረሰ ጊዜ እንዴት እንደሚታረም አብሮ ይታሰባል።

ብልኅ ሊስትሮ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። የንድፉ ጥቅም በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ የነበረው ነገር ለሁሉ መታየቱ ነው።

አሁን ይህን ንድፍ ወደ ቆጮው መንገድ እንመልሰው። ክትፎ ቤቱ የሚያየው የቀረበለትን ቆጮ ብቻ ነው፤ ከመሥመሩ በታች ግን ፍቂያው፥ መብላላቱ፥ ማሸጉ፥ ጭነቱና የመንገዱ ቀናት ተሰውረው ይገኛሉ። ቆጮው ከልክ በላይ ኮምጥጦ ቢገኝ ወይም ክር ቢበዛበት ተመጋቢው ያጕረመርማል። ክትፎ ቤቱ ጅምላ ሻጩን ይወቅሳል፤ ሻጩም በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል። ይህ ወቀሳ እማወራይቱ ዘንድ ሲደርስ ግን የቀነሰ ዋጋ ሆኖ እንጂ ምክንያቱን የያዘ ቃል ሆኖ አይደለም። ጥፋቱ ከጉድጓዱ ይሁን ከማሸጉ ወይም ከመንገዱ ልታውቅ አትችልም። በንግድ መረብ ውስጥ ትልቁ ሕመም ይህ ነው፤ ዕቃ ወደ ከተማ ይወርዳል፥ ገንዘብ ወደ አገር ይመለሳል፥ ዕውቀት ግን በመንገድ ይቀራል።

ይህን ሕመም ለመፈወስ የሚያስፈልገው ሥርዐት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ዕቁብን እንመልከት። ዳኛ፥ ጸሐፊና ዋስ አለው፤ የመሰብሰቢያው ቀን፥ የዕጣው አወጣጥና የቀረ ሰው ቅጣት አስቀድሞ ታውቋል። ጥፋት ሊደርስ የሚችለው ዕጣ የደረሰው ሰው መክፈሉን ሲያቆም ነው፤ መድኃኒቱም ዋስ ሆኖ ከመጀመሪያው ተዘጋጅቷል። ይህ ራሱ የተሟላ የአገልግሎት ንድፍ ነው። እንደዚሁም በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፥ ገንዘብ አዋጥተው አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋር ለማገናኘት ተነሥተዋል። ለንግድ የተዘረጋው መረብ ለልማት ሲውል የታየው ያን ጊዜ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ ሲዳኙበት የኖሩት ቂጫ የሚባለው ሕግም በቃል ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ ከቆየ በኋላ በጽሑፍ ታትሟል።

አንዳንድ ነጋዴ ግን «ዕውቀቴ እንጀራዬ ነው፤ ጽፌ ብሰጥ ተፎካካሪዬ ይወስድብኛል» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባውም። መልሱ ሁለቱን ዕውቀቶች መለየት ነው። ማን በምን ዋጋ እንደሚገዛ የሚያውቀው ዕውቀት የነጋዴው የግል ሀብት ነው፤ ይጠብቀው። ቆጮ እንዴት ሳይበላሽ እንደሚጓዝ፥ የእንሰትን አጠውላጊ በሽታ ከማሳ ወደ ማሳ እንዳይተላለፍ እንዴት መከላከል እንደሚቻል የሚገልጸው ዕውቀት ግን የመረቡ ሁሉ ሀብት ነው። አንዱ ዘንድ ተደብቆ ቢቀር ሁሉም ይጎዳሉ፤ ደባቂውም ጭምር። ከዚህም ጋር ዕውቀቷን የሰጠች እናት ከጥቅሙ ድርሻዋን ልታገኝ ይገባል፤ አለዚያ ንድፉ ለከተማው ብቻ የተነደፈ ይሆናል።

ጊዜውም የሚያስቸኩል ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሱቆችን አውድሟል። በእንዲህ ያለ ቀን ከዕቃው ጋር የዱቤ መዝገብም ሊነድ ይችላል፤ ዕቃ በገንዘብ ይተካል፥ የተቃጠለ መዝገብ ግን የሚተካው ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ተማምነው ከተስማሙ ብቻ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በመጣ ጊዜ ክፍያ በስልክ እየተመዘገበ መሄዱ ታላቅ እርዳታ ነው። ይሁን እንጂ ስልኩ ማን ስንት እንደ ከፈለ ይነግረናል እንጂ፥ ያ ሰው ለምን እንደ ታመነ አይነግረንም። ከጋሼ አጠገብ ተቀምጦ የሚማረው ወጣት ቍጥር ባነሰ መጠን ይህ ሁለተኛው ዕውቀት ወራሽ እያጣ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ይጠቅመዋል ቢሉ፥ መሥሪያ ቤቶቻችንም የመረብ ዘመን ውስጥ ገብተዋል። በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን ሥራ በአንድ ስፍራ ለባለጉዳይ ያቀርባል። በአንድ መሶብ የሚቀርብ ምግብ ከብዙ ጓዳ የሚመጣ ከሆነ፥ አንዱ ጓዳ የሌላውን አሠራር ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ብናደርግ ይበቃናል። አንደኛ፥ የምንሰጠውን አገልግሎት ከባለጉዳዩ ዐይን ተነሥተን በአንድ ወረቀት ላይ እንንደፈው፤ ጥፋት የሚደርስበትንም ስፍራ ሳናፍር ምልክት እናድርግበት። ሁለተኛ፥ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት አዛውንት ዘንድ ወጣት ሠራተኛ አስቀምጠን፥ እጃቸው የሚያውቀውን እንዲማርና እንዲጽፍ እናድርግ። ሦስተኛ፥ የተጻፈው እንዳያረጅ በየዓመቱ እንመልከተው። የጉራጌ ነጋዴ በየዓመቱ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ በዚያም ከዘመዶቹ ጋር ይበላል፥ ይጠጣል፥ የከረመ ነገር ይጫወታል፥ የተጣላም ይታረቃል። እማወራይቱ ስለ ቆጮዋ በከተማ የተባለውን በቃል ልትሰማ የምትችለው ያን ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤትም ለዕውቀቱ አንድ መስቀል ያስፈልገዋል።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፥ ነገ አንድ ባለጉዳይ ፋይሉን ፈልጎ ሲመጣ አዛውንቱ ቢሄዱም ዕውቀታቸው በመዝገብ ቤቱ እንዲጠብቀው ማድረግ በእጃችን ያለ ነገር ነው።