ክብደቱ የሚሰማ ጥሩር

በቪዲዮ ጌም ውስጥ አንድ ተዋጊ ብረት ለብሶ ሲወጣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች አስቀድመው የመለሱት ጥያቄ አለ፦ ይህ ጥሩር ሲያድነው በምትኩ ምን ይወስድበታል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ተጫዋቹ ከሁሉ ወፍራሙን ፈልጎ ይለብሳል፤ ሠዓሊዎች የደከሙባቸው ሌሎች ልብሶች በሙሉ ሻንጣ ውስጥ ተረስተው ይቀራሉ።

ጥያቄው ከኮምፒውተር ይቀድማል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ጥሩር ተዋጊውን ለመምታት አስቸጋሪ ያደርገዋል እንጂ የምቱን ጉዳት አይቀንስም። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ዋጋውን በግልጽ አስቀምጦታል። የሙሉ ብረት ልብስ መከላከያ ቁጥሩ 18 ነው፤ 1,500 የወርቅ ሳንቲም ያስወጣል፣ 65 ፓውንድ ይመዝናል፣ የለበሰው ሰው ተደብቆ ለማለፍ ይቸገራል፣ ቅልጥፍናውም ምንም አይጨምርለትም። የቆዳ ልብስ ከ11 ተነስቶ የባለቤቱን ቅልጥፍና ይደምራል። ሌባው ቆዳ፣ ጦረኛው ብረት ይመርጣል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ጉዳትን በመቶኛ በሚቀንሱ ጌሞች ሒሳቡ ይከብዳል። 100 ጉዳት የሚያደርስ ሰይፍ መከላከያው 50 በመቶ የሆነውን ተዋጊ 50 ይጎዳዋል፤ መከላከያው 60 ሲሆን 40። ከ80 ወደ 90 ሲያድግ ግን ጉዳቱ ከ20 ወደ 10 ይወርዳል፤ ያችው 10 በመቶ እዚህ ላይ የተዋጊውን ዕድሜ እጥፍ ታደርገዋለች። በ2011 የወጣው «ስካይሪም» መከላከያውን 80 በመቶ ላይ ይገታዋል። ጎበዝ አንጥረኛ የሆነ ተጫዋች ግን ቀላሉንም ከባዱንም ልብስ እያሻሻለ እዚያው ጣሪያ ላይ ያደርሳቸዋል። ጣሪያው ትርፉን አስቁሟል፤ ምርጫ ግን አልፈጠረም።

በዚያው ዓመት የወጣው፣ ሂደታካ ሚያዛኪ የመራው የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ሥራ «ዳርክ ሶልስ» ለእኔ ከሁሉ የተሻለውን መልስ ሰጥቷል። እዚህ የጥሩሩ ዋጋ የሚከፈለው በሰውነት ነው። የተጫዋቹ ትልቁ ማምለጫ መሬት ላይ ተንከባሎ ከሰይፍ ሥር መውጣት ነው። የተሸከመው ክብደት ከአቅሙ 25 በመቶ ካላለፈ ፈጥኖ ተንከባሎ ይነሳል፤ እስከ 50 በመቶ ድረስ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ ሲያልፍ መሬቱ ላይ ዘጭ ብሎ ወድቆ ሊነሳ ሲታገል ሁለተኛው ምት ይደርስበታል። ሰንጠረዥ ያላነበበ ሰው እንኳ ልዩነቱን በጣቱ ያውቀዋል። በአንጻሩ ቀላል የለበሰ ሲመታ ይንገዳገዳል፣ የጀመረው ምትም ይቋረጥበታል፤ ከባድ የለበሰው ምቱን ችሎ የራሱን ሰይፍ ያሳርፋል።

እውነተኛው ጥሩር እንዲህ አያሽመደምድም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙሉ ጥሩር ክብደቱ በመላው አካል ላይ ስለሚከፋፈል የለበሰው ሰው ይሮጥበት፣ ፈረስም ይወጣበት ነበር። ጌሙ ድካሙን አጋኖታል፤ ማጋነኑም ተገቢ ነው፣ ያለዚያ ቀላል ልብስ የሚመርጥ አይኖርም ነበርና።

ትምህርቱን የሚሰጠው ደግሞ ጠላት ነው። በጅማሬው አካባቢ፣ ከአንድ ግንብ ሥር፣ ድንጋይ የመሰለ ጥሩር የለበሰ ሃቬል የሚባል ባላጋራ ይጠብቃል። አንድ ምቱ ጀማሪን ይገድላል። ግን ዱላውን ሲያነሳ ይታያል፣ አውርዶም እስኪያነሳው ጊዜ ይፈጃል፤ ቀለል ያለ ልብስ የለበሰ ተጫዋች ዙሪያውን እየተንከባለለ ከጀርባው ይወጋዋል። ሃቬል ሲሞት የሚተወው ቀለበት የመሸከም አቅምን በ50 በመቶ ያሳድጋል። ተጫዋቹ የሚያደርገው ቀለበት ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ይህ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሸክም የሚያቀልለው ዕቃ ራሱ ቦታ እንዲያስከፍል መደረጉ እጅግ ያስደንቀኛል።

በኋላ የመጡት የፍሮምሶፍትዌር ሥራዎች ድንበሩን አላልተውታል። በ2022 በወጣው «ኤልደን ሪንግ» ተጫዋቹ ክብደቱ 70 በመቶ እስኪደርስ በደህና ይንከባለላል። ብዙዎች የራስ ቁሩን ከአንዱ ጥሩር፣ ጓንቱን ከሌላው እየወሰዱ፣ ከዚያች ድንበር በታች በጥቂት ነጥብ ለመቆም ረጅም ሰዓት ሲያማርጡ ይቆያሉ።